ኮሚት ከማለታችሁ በፊት፦ የቴብልን ቅርጽ በትራንዛክሽን ውስጥ መቀየር

ዳታቤዛችሁ ውስጥ ደንበኞች የሚባል ቴብል (ሰንጠረዥ) አላችሁ እንበል። ሲሠራ ለስም ሙሉ_ስም የሚል አንድ ኮለም (ዓምድ) ብቻ ነበረው። አሁን ስም፣ የአባት ስም እና የአያት ስም ለየብቻ ይሁኑ ተባለ። በአገራችን ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ሳይደርሰው አይቀርም።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ሦስት ኮለም መጨመር፣ የነበረውን ስም ቆርጦ ማከፋፈል፣ አሮጌውን ኮለም መጣል። አደጋው ያለው መሀል ላይ ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ላይ ቢወድቅስ? ቴብሉ ወደነበረበት ይመለሳል? ወይስ ግማሹ ተቀይሮ ግማሹ እንደነበረ ይቀራል? ትራንዛክሽን የሚባለው ለዚህ ነው፦ ብዙ ትእዛዞችን ጠቅልሎ ወይ ሁሉም ይጽደቁ ወይ ሁሉም ይቅሩ ይላል። ቢጊን ይከፍተዋል፣ ኮሚት ያጸድቀዋል፣ ሮልባክ ሁሉን ወደነበረበት ይመልሰዋል።

እኔ ይህን ሳልጠይቅ ገብቼበት አውቃለሁ። ያኔ የምሠራው ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ነበር። ስክሪፕቱ በቢጊን ይጀምራል፣ በኮሚት ያልቃል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ኮለሞቹን ጨመረ። ሁለተኛው ስሞቹን ቆርጦ አከፋፈለ። ሦስተኛው ኮለሞቹ ባዶ እንዳይሆኑ የሚከለክል ነበር፣ እሱ ወደቀ። ሙሉ ስማቸው ያልተሞላ ደንበኞች ነበሩና። ደንግጬ ሮልባክ ብዬ ጻፍኩ። ዳታቤዙ ያለምንም ቅሬታ «እሺ» አለኝ። ቴብሉን ስከፍተው ግን ምንም አልተመለሰም። ኮለሞቹ አሉ፣ የተቆረጡት ስሞችም አሉ። ሌሊቱን ሙሉ በእጅ ሳስተካክል አደርኩ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ ሰው እንዲያ እንዳያድር ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ አጻጻፉ። ትእዛዞቹን ሲነበቡ እንደሚሰሙት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ስትሠሩ የምትተይቡት በላቲን ፊደል ነው። የቴብልና የኮለም ስም ግን በአማርኛ መሆን ይችላል፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝም ማይኤስኪውኤልም ይቀበላሉ። ፖስትግሬስ ላይ ግን የስም ርዝመት ገደብ 63 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚወስድ ከ21 ፊደል የበለጠ ስም ይቆረጣል። ማይኤስኪውኤል የሚቆጥረው በፊደል ነው፣ እስከ 64 ይፈቅዳል።

ደረጃ 1፦ ዳታቤዛችሁን ፈትኑት

ሰው ከነገራችሁ ይልቅ የራሳችሁን ዓይን እመኑ። ባዶ የሙከራ ዳታቤዝ ላይ እነዚህን አራት መስመሮች አስኪዱ።

ቢጊን;
ክሪኤት ቴብል ሙከራ (ቁጥር ኢንት);
ሮልባክ;
ሴሌክት * ፍሮም ሙከራ;

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የመጀመሪያው መስመር «ቢጊን ትራንዛክሽን» ይሆናል። ኦራክል ላይ ደግሞ ትራንዛክሽን በራሱ ስለሚጀምር ያንን መስመር ዝለሉት።

የመጨረሻው መስመር «እንዲህ የሚባል ቴብል የለም» ካለ ዳታቤዛችሁ የቅርጽ ለውጥን በትራንዛክሽን ውስጥ ይይዛል ማለት ነው። ፖስትግሬስ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር እና ኤስኪውላይት እንዲህ ናቸው። ባዶ ቴብል ከመጣ ግን ሮልባኩ አልሠራም። ማይኤስኪውኤል፣ ማሪያዲቢ እና ኦራክል ከዚህ ወገን ናቸው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንድ ዳታቤዝ ስለ ቴብሎቹ የሚያውቀውን የሆነ ቦታ መዝግቦ መያዝ አለበት። ስንት ኮለም አለ፣ ስማቸው ማን ነው፣ ዓይነታቸው ምንድን ነው። ፖስትግሬስ ይህን መዝገብ የሚይዘው እንደ ማንኛውም መረጃ በቴብል ነው። ፒጂ_ክላስ የሚባለው ቴብል ለእያንዳንዱ ቴብል አንድ ረድፍ አለው። ፒጂ_አትሪቢዩት ለእያንዳንዱ ኮለም አንድ ረድፍ አለው። ኮለም ጨመራችሁ ማለት ፒጂ_አትሪቢዩት ውስጥ አንድ ረድፍ ገባ ማለት ነው። የገባ ረድፍ ደግሞ ሮልባክ ሲደረግ እንደማንኛውም ረድፍ እንዳልነበረ ይሆናል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ቴብል መጣልም ቢሆን ያው ነው። ድሮፕ ቴብል ስትሉ ፖስትግሬስ ፋይሉን ወዲያው ከዲስክ አያጠፋውም። «ይህ ሰው ኮሚት ካለ ይጥፋ» ብሎ ይይዘዋል። ሮልባክ ካላችሁ ፋይሉ እዚያው አለ፣ ቴብሉም ከነመረጃው ይመለሳል። መጀመሪያ ጊዜ ይህን በዓይኔ ሳየው በጣም ገርሞኝ ነበር።

ኤስኪውላይትም መንገዱ ይቀራረባል። የቴብሎቹ መግለጫ ኤስኪውላይት_ማስተር በሚባል ቴብል ውስጥ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ስለሆነ መረጃውን የሚመልሰው ጆርናል መግለጫውንም አብሮ ይመልሳል።

ማይኤስኪውኤል የመጣበት መንገድ ሌላ ነው። እስከ 5.7 ድረስ የቴብሉ መግለጫ ለብቻው በፋይል ይቀመጥ ነበር። መረጃውን የሚይዘው ኢኖዲቢ ደግሞ የራሱ መዝገብ ነበረው። ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን ማሠር አይቻልም ነበር። በ2018 የወጣው 8.0 መዝገቡን በሙሉ ወደ ኢኖዲቢ አስገባው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የቅርጽ ለውጥ ትእዛዝ ለብቻው ወይ ሙሉ በሙሉ ይሳካል ወይ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ለምሳሌ ሁለት ቴብሎችን በአንድ ድሮፕ ቴብል ስትጥሉ ሁለተኛው ከሌለ፣ 5.7 የመጀመሪያውን ጥሎ ስለ ሁለተኛው ስሕተት ያወጣል። 8.0 ግን አንዱንም አይነካም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «8.0 አቶሚክ ሆኗል» ሲባል ትራንዛክሽን ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም። አንዱ ትእዛዝ በራሱ አይቆራረጥም ማለት ብቻ ነው። አልተር ቴብል ስትሉ ማይኤስኪውኤል በፊት የከፈታችሁትን ትራንዛክሽን ሳይጠይቃችሁ ኮሚት ያደርገዋል። የእኔ ስክሪፕት የወደቀው በዚህ ነው። ቢጊን ብዬ የከፈትኩት ትራንዛክሽን በመጀመሪያው አልተር ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ኮሚት እየሆነ ሄደ። ሮልባክ ስል የሚመለስ ነገር አልነበረም። ስለዚህም ነው ስሕተት ያላወጣው።

ኦራክልም ከትእዛዙ በፊትና በኋላ ኮሚት ያደርጋል። የቅርጽ ለውጡ ራሱ ቢወድቅ እንኳ ከእሱ በፊት የሠራችሁት ኮሚት ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 2፦ ትራንዛክሽን ውስጥ የማይገቡትን ለዩ

ከዚህ በኋላ ዋናው ምሳሌ ፖስትግሬስ ነው፣ ማይኤስኪውኤልን በኋላ እመለስበታለሁ። ፖስትግሬስም ቢሆን ሁሉን ነገር አይፈቅድም። ክሪኤት ዳታቤዝ፣ ድሮፕ ዳታቤዝ፣ ቫኪዩም እና አልተር ሲስተም በትራንዛክሽን ውስጥ አይሄዱም። ሌላውን ሥራ ሳያቆም ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) የሚሠራው ክሪኤት ኢንዴክስ ኮንከረንትሊም እንዲሁ። ይህኛው ራሱ ከአንድ በላይ ትራንዛክሽን ከፍቶ የሚሠራ ስለሆነ በሌላ ትራንዛክሽን ውስጥ ሊገባ አይችልም።

ኢነም (አስቀድመው ከተዘረዘሩ ዋጋዎች አንዱን ብቻ የሚቀበል የኮለም ዓይነት) የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን ያዙ። ኢነም ላይ አዲስ ዋጋ መጨመር ከ12 በፊት በነበሩት ቨርዥኖች በትራንዛክሽን ውስጥ አይፈቀድም ነበር። ከ12 ወዲህ ይፈቀዳል፣ ግን ኮሚት እስክትሉ ድረስ አዲሱን ዋጋ መጠቀም አትችሉም። ስለዚህ ዋጋውን መጨመርና ረድፎችን በሱ ማዘመን ሁለት ማይግሬሽን (ዳታቤዙን የሚቀይር ስክሪፕት) ይሁኑ።

የሲኩዌንስ (ተራ ቁጥር የሚያወጣው መቁጠሪያ) ቁጥርም ሮልባክ አይደረግም። አንዴ የተወሰደ ቁጥር ተወስዷል። የደረሰኝ ቁጥር ላይ ክፍተት አይታችሁ ከተገረማችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ በቅጂ ላይ ልምምድ

የፕሮዳክሽን ዳታቤዙን፣ ማለትም ሥራ ላይ ያለውን፣ ባክአፕ ሌላ ሰርቨር ላይ መልሱት። ባክአፑ በትክክል መመለሱንም በዚያው ታረጋግጣላችሁ። ከዚያ እዚያ ላይ ይህን አስኪዱ።

ቢጊን;
አልተር ቴብል ደንበኞች
  አድ ኮለም ስም ቴክስት,
  አድ ኮለም የአባት_ስም ቴክስት,
  አድ ኮለም የአያት_ስም ቴክስት;
አፕዴት ደንበኞች ሴት
  ስም = ስፕሊት_ፓርት(ሙሉ_ስም, ' ', 1),
  የአባት_ስም = ስፕሊት_ፓርት(ሙሉ_ስም, ' ', 2),
  የአያት_ስም = ስፕሊት_ፓርት(ሙሉ_ስም, ' ', 3);

ገና ኮሚት አትበሉ። እዚሁ ትራንዛክሽን ውስጥ ሆናችሁ ውጤቱን እዩ። አዲሶቹን ኮለሞች እናንተ ታያላችሁ፣ ሌላ ሰው አያይም። ይህ ዕድል ማይኤስኪውኤል ላይ የለም፣ ስለዚህ በደንብ ተጠቀሙበት።

ሴሌክት ካውንት(*) ፍሮም ደንበኞች
  ዌር ስም ኢዝ ነል ኦር ስም = ''
  ኦር የአባት_ስም = '' ኦር የአያት_ስም = '';

ሴሌክት ሙሉ_ስም ፍሮም ደንበኞች
  ዌር ስፕሊት_ፓርት(ሙሉ_ስም, ' ', 4) <> '';

የመጀመሪያው ስም የጎደለባቸውን ይቆጥራል። ሁለተኛው ከሦስት ቃል በላይ የሆኑትን ያወጣል። የእኛ ስሞች እንደሌላው አገር ስም አይደሉምና ሁለተኛው ብዙ ነገር ያሳያችኋል። ገብረ መድኅን አንድ ስም ነው፣ የተጻፈው ግን በሁለት ቃል ነው። ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ወለተ ማርያም ሁሉም እንደዚሁ። አንዳንዱ ጸሐፊ አያይዞ ይጽፋቸዋል። አንዳንዱ ገ/መድኅን ብሎ በስላሽ ያሳጥራቸዋል።

ከሁሉም የሚከፋው ሁለቱንም ፍተሻ የሚያልፈው ነው። «ወልደ ጊዮርጊስ ተፈራ» ሦስት ቃል ነው። ፍተሻው ትክክል ነው ይለዋል። ቴብሉ ውስጥ ግን ስሙ «ወልደ»፣ የአባቱ ስም «ጊዮርጊስ»፣ የአያቱ «ተፈራ» ሆኖ ገብቷል። የሰው ስም ነው ያበላሻችሁት። ሰውዬው ባንክ ሄዶ ስሙ ከመታወቂያው ጋር አልገጥም ሲለው የሚጉላላው እሱ ነው። ስለዚህ ስም የሚለው ኮለም ውስጥ ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወለተ ብቻውን የቆመበትን ረድፍ ሁሉ ፈልጉ። የአባት ስም ላይም እንዲሁ። ኃይለ ስትፈልጉ ሀይለን፣ ሃይለንና ኀይለን አትርሱ፣ ለኮምፒውተሩ አራቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሁለት ጊዜ የተመታ ክፍት ቦታም አለ፣ በአሮጌ መረጃ ላይ ደግሞ በሁለት ነጥብ ፡ የተለያዩ ስሞች ይገኛሉ። እነዚህን ስፕሊት_ፓርት አያውቃቸውም።

ችግሩን ካያችሁ ሮልባክ በሉ። ቴብሉ ኮለም ጨምሮ እንደማያውቅ ይሆናል። ስክሪፕቱን አስተካክላችሁ እንደገና ሞክሩ። እኔ አሁን እንዲህ ያለውን ሥራ ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ሮልባክ ሳልል ኮሚት አልልም። አንድ ክፍል ብቻ መመለስ ከፈለጋችሁ ከአፕዴቱ በፊት «ሴቭፖይንት ቆረጣ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ «ሮልባክ ቱ ሴቭፖይንት ቆረጣ» ካላችሁ ኮለሞቹ ይቆያሉ፣ ቆረጣው ብቻ ይመለሳል።

አንድ ትእዛዝ መሀል ላይ ከወደቀ ፖስትግሬስ ትራንዛክሽኑን በሙሉ እንደተበላሸ ይቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ የምትጽፉትን ትእዛዝ ሁሉ አልሰማም ይላል። ኮሚት ብትሉት እንኳ «ሮልባክ» ብሎ ነው የሚመልስላችሁ። ይህን መልስ አንብቡት፣ ብዙ ሰው ሳያነብ «አለቀ» ብሎ ይሄዳል። ስክሪፕት በፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ ትእዛዝ መጻፊያ ፕሮግራም) የምታስኬዱ ከሆነ ስሕተት ሲመጣ የሚያቆመውን ኦን_ኤረር_ስቶፕ አብሩ፣ በ-1 አማራጭ ደግሞ ፋይሉን በሙሉ በአንድ ትራንዛክሽን ጠቅልሉት።

ደረጃ 4፦ ፕሮዳክሽን ላይ ሎኩን አስቡ

ልምምዱ ላይ ትራንዛክሽኑን ከፍታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ብትመጡ ችግር የለም። ፕሮዳክሽን ላይ ግን ይህ ትልቅ ጥፋት ነው።

ፖስትግሬስ ላይ አብዛኛው አልተር ቴብል አክሰስ ኤክስክሉሲቭ የሚባለውን ሎክ (ሌላው ቴብሉን እንዳይነካ የሚዘጋ ቁልፍ) ይይዛል። ከሎኮች ሁሉ ከባዱ ነው። እሱ ካለ ሌላው ሰው መጻፍ ብቻ አይደለም፣ ማንበብም አይችልም። ሎኩ የሚለቀቀው ትእዛዙ ሲያልቅ አይደለም፣ ትራንዛክሽኑ ሲያልቅ ነው። ኮለም መጨመሩ ራሱ ቅጽበት ነው። ከሱ በኋላ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ያለው አፕዴት ግን ሃያ ደቂቃ ከፈጀ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ደንበኞችን ማንም አይከፍትም። የመመለስ ዋስትናው በነጻ አልመጣም፣ ዋጋው ይህ ነው።

ሌላም አለ። አልተሩ ገና ሎኩን ሳያገኝም ያስቸግራል። የታክሲ ሰልፍ አስቡ። አንድ ረጅም ሪፖርት ቴብሉን እያነበበ ነው። የእናንተ አልተር ከኋላው ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ተራ ሴሌክቶች ከሪፖርቱ ጋር አይጋጩም፣ ሊያልፉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ከአልተሩ ኋላ ስለተሰለፉ እነሱም ይቆማሉ። ሪፖርቱ አሥር ደቂቃ ከፈጀ ሲስተሙ አሥር ደቂቃ ይቆማል። «አንድ ኮለም ብቻ ነው የጨመርኩት» የሚለው ሰው አይዋሽም። ሲስተሙን ያቆመው የሱ ትእዛዝ ሰልፉ ላይ መቆሙ ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ከቢጊን ቀጥሎ ይህን ጻፉ።

ሴት ሎካል ሎክ_ታይምአውት = 3000;

ቁጥሩ በሚሊ ሰከንድ ነው። በ3 ሰከንድ ውስጥ ሎኩን ካላገኘ ትእዛዙ ይወድቃል፣ ትራንዛክሽኑም ይመለሳል። ሰልፉ ይለቀቃል። ትንሽ ቆይታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ሦስት አራት ጊዜ ቢወድቅ ምንም አይጎዳም፣ ምክንያቱም በወደቀ ቁጥር ቴብሉ ሳይነካ ነው የሚቀረው።

ማይኤስኪውኤልም ሜታዳታ ሎክ የሚባል አለው፣ ሰልፉም ያው ነው። እዚያ የመጠበቂያ ጊዜው ሎክ_ዌይት_ታይምአውት ሲሆን ሳትነኩት 31,536,000 ሰከንድ ነው። አንድ ዓመት ማለት ነው። ከአልተሩ በፊት ለራሳችሁ ሴሽን ወደ 3 ወይም 5 ሰከንድ አውርዱት።

ደረጃ 5፦ ትልቅ ቴብል ከሆነ ቆራርጡት

ቴብላችሁ ጥቂት ሺህ ረድፍ ብቻ ካለው የደረጃ 3ን ስክሪፕት ከነፍተሻው በአንድ ትራንዛክሽን አስኪዱት፣ ጨርሱ። ፍተሻውን ግን በዓይን ሳይሆን በስክሪፕት አድርጉት፣ ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ኤክሴፕሽን ያስነሳ፣ ትራንዛክሽኑ በራሱ ይመለስ። ሎኩ ተይዞ ሰው እያነበበ እንዲያስብ አይገባም።

ሚሊዮኖች ረድፍ ካለ ግን ሥራውን ወደ ትናንሽ ትራንዛክሽኖች መክፈል ግድ ነው። መጀመሪያ ኮለሞቹን ብቻ ጨምሩና ኮሚት በሉ። ይህ መዝገቡ ላይ ረድፍ ማስገባት ብቻ ስለሆነ ቅጽበት ነው። ከ2018ቱ ፖስትግሬስ 11 ወዲህ ቋሚ ዲፎልት (ሳይሞላ ሲቀር የሚገባ ዋጋ) ያለው ኮለምም ቴብሉን እንደገና ሳይጽፍ ይጨመራል።

ቀጥሎ አፕሊኬሽኑን ቀይሩ። አዲስ ደንበኛ ሲመዘገብ አሮጌውንም አዲሶቹንም ኮለሞች ይሙላ። ይህን ሳታደርጉ ወደሚቀጥለው ካለፋችሁ፣ እናንተ የቆየውን ስትሞሉ በዚህ በኩል ባዶ ረድፍ ይጨመራል።

ከዚያ የቆየውን መረጃ በአይዲ ክልል እየቆረጣችሁ ሙሉት። አምስት ሺህ ረድፍ፣ ኮሚት፣ ሌላ አምስት ሺህ፣ ኮሚት። አፕዴት የሚይዘው የነካቸውን ረድፎች ብቻ ስለሆነ ሌላው ሰው ሥራውን ይቀጥላል። በአንድ ጊዜ ካደረጋችሁት ፖስትግሬስ የእያንዳንዱን ረድፍ አዲስ ቅጂ ስለሚጽፍ ቴብሉ ዲስክ ላይ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ስም ባዶ እንዳይሆን መከልከሉ የራሱ ዘዴ አለው። በቀጥታ ሴት ኖት ነል ካላችሁ ከባዱን ሎክ ይዞ ቴብሉን ከጫፍ ጫፍ ያነባል። ይልቅ እንዲህ አድርጉ።

አልተር ቴብል ደንበኞች አድ ኮንስትሬንት ስም_አለ
  ቼክ (ስም ኢዝ ኖት ነል) ኖት ቫሊድ;

አልተር ቴብል ደንበኞች ቫሊዴት ኮንስትሬንት ስም_አለ;

አልተር ቴብል ደንበኞች አልተር ኮለም ስም ሴት ኖት ነል;

አልተር ቴብል ደንበኞች ድሮፕ ኮንስትሬንት ስም_አለ;

የመጀመሪያው አሮጌ ረድፎችን አይፈትሽም፣ ፈጣን ነው። ሁለተኛው ይፈትሻል፣ ግን ቀለል ባለ ሎክ ነው፣ ማንበብም መጻፍም ይቀጥላል። ሦስተኛው ከፖስትግሬስ 12 ጀምሮ የተረጋገጠውን ቼክ አይቶ ቴብሉን ዳግም አያነብም። አራቱም የተለያየ ትራንዛክሽን ይሁኑ። አንደኛውንና ሁለተኛውን አንድ ላይ ከጠቀለላችኋቸው የመጀመሪያው የያዘው ከባድ ሎክ ፍተሻው እስኪያልቅ አይለቀቅም፣ ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ኢንዴክስ ካስፈለገ ክሪኤት ኢንዴክስ ኮንከረንትሊ ከትራንዛክሽን ውጭ አስኪዱ። መሀል ላይ ከወደቀ ኢንቫሊድ የሆነ ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል። ጥላችሁ እንደገና ሥሩት።

ማይኤስኪውኤል ላይ ከሆናችሁ

ለቅርጽ ለውጥ ሮልባክ ስለሌለ ዋስትናውን በሌላ መንገድ መገንባት አለባችሁ። የምለውን ሁሉ ያወቅኩት ከዚያች ሌሊት በኋላ ነው።

አንድ ማይግሬሽን ፋይል ውስጥ አንድ የቅርጽ ለውጥ ብቻ አድርጉ። ሦስት ኮለም መጨመር ካለባችሁ ሦስቱንም በአንድ አልተር ቴብል በኮማ አያይዟቸው። 8.0 ላይ አንድ ትእዛዝ አይቆራረጥም፣ ወይ ሦስቱም ይገባሉ ወይ አንዱም አይገባም። መረጃ መሙላቱን ደግሞ ለብቻው ፋይል አድርጉት። እሱ ተራ አፕዴት ስለሆነ በመካከሉ አልተር እስካልገባ ድረስ በትራንዛክሽን ውስጥ በደንብ ይመለሳል።

የአልተሩ መጨረሻ ላይ «አልጎሪዝም=ኢንስታንት» ብላችሁ ጨምሩ። ከ8.0.12 ጀምሮ ኮለም መጨመር በዚህ መንገድ ቅጽበት ነው፣ ከ8.0.29 ጀምሮ ደግሞ ኮለሙን መሀል ላይም ማስገባት ይቻላል። ይህን መጻፍ ጥቅሙ፣ ነገሩ በቅጽበት የማይሆን ከሆነ ዳታቤዙ ቴብሉን ሳይነካ ወዲያው እምቢ ይላችኋል። ካልጻፋችሁት ግን ሳይነግራችሁ ከባዱን መንገድ ሊመርጥ ይችላል።

ለእያንዳንዱ ለውጥ መመለሻውን አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ሞክሩትም። መሀል ላይ የወደቀ ማይግሬሽን እንደገና ሲጀመር ብዙ ጊዜ 1060 የሚል ስሕተት ታገኛላችሁ፣ ኮለሙ ቀድሞ አለ ማለት ነው። ላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ማይግሬሽኑን የሚመዘግበው ሲጨርስ ስለሆነ የወደቀውን ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። ስለዚህ ኮለሙ መኖሩን እያየ የሚጨምር ስክሪፕት ጻፉ።

ፒኤችፒ ላይ ያላችሁ አንድ የሚያደናግር ስሕተት ሊገጥማችሁ ይችላል። ትራንዛክሽን ከፍታችሁ አልተር አድርጋችሁ ኮሚት ስትሉ፣ ከፒኤችፒ 8 ጀምሮ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ፒዲኦ «ክፍት ትራንዛክሽን የለም» ብሎ ኤክሴፕሽን ያወጣል። ኮዳችሁ አልተበላሸም። አልተሩ ትራንዛክሽኑን ዘግቶታል፣ ፒኤችፒ 8 ያንን በግልጽ እየነገራችሁ ነው።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ሴት ኤክስአክት_አቦርት ኦን በሉ፣ አለበለዚያ አንዳንድ ስሕተት አንዱን ትእዛዝ ብቻ ጥሎ ሌላውን ያስቀጥላል። አዲስ ኮለም ጨምራችሁ በዚያው ባች (አብሮ የሚላክ የትእዛዝ ጥቅል) ከተጠቀማችሁበት «የማይታወቅ ኮለም» ይላል፣ በመሀላቸው ጎ የሚለውን መለያ አስገቡ።

ኤስኪውላይት የኮለም ስም መቀየርን ከ3.25፣ ኮለም መጣልን ከ3.35 ጀምሮ ነው የሚችለው። ከዚያ ለወጣ ለውጥ አዲስ ቴብል ሠርታችሁ፣ መረጃውን ቀድታችሁ፣ አሮጌውን ጥላችሁ፣ አዲሱን በአሮጌው ስም ትጠሩታላችሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይገባል። የፎሬን ኪ (አንዱን ቴብል ከሌላው ጋር የሚያያይዝ ኮለም) ፍተሻን ማጥፋት ካስፈለገ ግን ከቢጊን በፊት አጥፉት፣ በትራንዛክሽን ውስጥ ያ ትእዛዝ ምንም አይሠራም።

የፓይተን ፍሬምወርክ የሆነው ጃንጎ በፖስትግሬስና በኤስኪውላይት ላይ እያንዳንዱን ማይግሬሽን በራሱ በትራንዛክሽን ይጠቀልላል። ኮንከረንትሊ ኢንዴክስ ላለበት ማይግሬሽን አቶሚክ የሚለውን ፎልስ አድርጉት። ረድፎችን አስገብታችሁ በዚያው ማይግሬሽን ቴብሉን ስትቀይሩ «ያላለቀ ትሪገር አለ» የሚል ስሕተት ከመጣ፣ ምክንያቱ ጃንጎ የፎሬን ኪ ፍተሻን እስከ ኮሚት የሚያዘገይ መሆኑ ነው። ሁለት ማይግሬሽን አድርጉት፣ ይስተካከላል።

ደረጃ 6፦ አሮጌውን ኮለም መጣል

ሙሉ_ስም የሚለውን በዚያው ቀን አትጣሉ። ኮሚት ባላችሁበት ቅጽበት አዲሱ ቅርጽ ለሁሉም ነው የሚታየው። አሮጌው የአፕሊኬሽን ኮድ ግን አንዱ ሰርቨር ላይ፣ አንድ የሪፖርት ስክሪፕት ውስጥ፣ ወይም አንድ የተረሳ ኤክሴል ላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

አፕሊኬሽኑ ሙሉ_ስምን ማንበብም መሙላትም ካቆመ በኋላ እኔ መጀመሪያ ስሙን ብቻ እቀይረዋለሁ።

አልተር ቴብል ደንበኞች ሪኔም ኮለም ሙሉ_ስም ቱ አሮጌ_ሙሉ_ስም;

አሁንም የሚጠቀምበት ካለ ወዲያው ይጮኻል። ስሙን መልሶ መቀየር ቅጽበት ነው፣ መረጃው አልጠፋም። ኮለሙ ኖት ነል ከሆነ ግን ከዚህ በፊት ያንን አንሱለት፣ አለዚያ አዲስ ደንበኛ መመዝገብ ይቆማል። አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የወር መጨረሻ ሪፖርት ካለ እሱ እስኪያልፍ ጠብቁ።

ሁሉም ጸጥ ካለ አዲስ ባክአፕ አንሡ፣ ሌላ ሰርቨር ላይ መልሳችሁ የሚከፈት መሆኑን እዩ። ፖስትግሬስ ኮለም ሲጥል መዝገቡ ላይ «የተጣለ» ብሎ ምልክት ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ ትልቅ ቴብል ላይም ፈጣን ነው። ሎክ_ታይምአውቱን ግን እዚህም አትርሱ።

ቢጊን;
ሴት ሎካል ሎክ_ታይምአውት = 3000;
አልተር ቴብል ደንበኞች ድሮፕ ኮለም አሮጌ_ሙሉ_ስም;
ኮሚት;

መልሱ ላይ «ኮሚት» የሚለውን አንብቡ። «ሮልባክ» ካለ ትእዛዙ ወድቋል ማለት ነው፣ ምክንያቱ ሎኩን አለማግኘቱ ከሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት።